ኮንትራክተሩ የቤት እድሳቱን በግማሽ ጥሎ ሄደ፤ ፈቃዱን ማሳገድ ይቻላል? ገንዘቡስ?

ዘንገና (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጉዳዩ ደብረ ማርቆስ ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት እድሳት ነው። የፊት ለፊቱ ግድግዳ በብሎኬት ሊተካ፣ ጣሪያው ሊቀየር፣ ልስን፣ ሴራሚክ፣ መብራት፣ በርና መስኮት ሊሠራ ፈቃድ ካለው ሥራ ተቋራጭ ጋር በ1,200,000 ብር ውል ተፈርሟል። ውሉ ሁለት ገጽ ነው፤ ሁለት ምስክሮች አሉበት። ክፍያው 30 በመቶ በቅድሚያ፣ 40 በመቶ «ጣሪያ ሲወጣ»፣ ቀሪው በርክክብ የሚል ነው። እስካሁን 70 በመቶው ተከፍሏል። ማስረከቢያው መጋቢት 30 ነበር፤ ለሚዘገይበት እያንዳንዱ ቀን የውሉን ዋጋ 0.1 በመቶ እንደሚቀጣ ተጽፏል። አሁን ግንቦት 25 ነው፤ ሳይቱ ላይ አንድ ሰው የለም። ስልክ ሲያነሳ መልሱ «ሲሚንቶ ጨምሯል፣ ካልጨመራችሁ አልመለስም» ነው።

ፈቃዱን የሚያግድበት አካል ማነው? ሌላ ግምበኛ ማስገባትስ ይቻላል? ጣሪያው በአንድ በኩል ክፍት ነው፤ ሰኔ ደጅ ላይ ቆሟል።

ቋሚና ማገር

ሌላ ግምበኛ ዛሬ አታስገቡ። አዲስ ሰው አንድ ባልዲ ልስን በለጠፈ ማግስት የቱ የማን ሥራ እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ የበፊተኛውም «ያበላሸው እሱ ነው» ብሎ ያመልጣል። ልኬት ይቅደም።

ልኬት ስል በስልክ የተነሣ ፎቶ አይደለም። ፎቶ ካሬ አይናገርም። ገለልተኛ መሐንዲስ ይምጣ፤ በውሉ ላይ ባለው የሥራ ዝርዝር (ቢኦኪው) መስመር በመስመር የተሠራውን፣ በከፊል የተሠራውንና ያልተጀመረውን ይጻፍ። ለኮንትራክተሩ የልኬቱ ቀንና ሰዓት ቀድሞ በጽሑፍ ይነገረው። ከመጣ ይፈርማል። ካልመጣ «ተጠርቶ አልቀረበም» ተብሎ በቃለ ጉባኤው ይስፈርና መሐንዲሱ፣ ሁለት ምስክሮችና ከተገኘ የቀበሌ ሰው ይፈርሙበት። በቦታው ያልነበረ ሰው ልኬቱን ኋላ ሲክድ አቅም የሚያሳጣው ይህ መጥሪያ ነው።

ሲለካ የሚታለፉ ነገሮች አሉ።

ብሎኬት ፊቱ 40 በ20 ሳንቲ ከሆነ በካሬ 12.5 ይሄዳል። የበርና የመስኮት ክፍት ቦታ ይቀነስ። ብዙ ኮንትራክተር ክፍቱን ጨምሮ ያስባል።

ልስኑን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳችሁ እለፉ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከግድግዳው ለቋል፤ በኖራ ወይም በከሰል አክብቡት፣ ስፋቱንም ለኩ። በጭቃ ግድግዳ ላይ ይህ የተለመደ ጣጣ ነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ የሲሚንቶ ልስን ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የሽቦ ወንፊት ሳይመታበት የተለሰነ ጭቃ ዛሬ ቢያምርም በሚቀጥለው ክረምት ይላጣል። ሽቦ መኖሩን ለማወቅ የለቀቀውን ጥግ ትንሽ መፈልፈል ይበቃል።

ቆርቆሮው ላይ ጌጁን (የውፍረቱን ቁጥር) እዩ። ቁጥሩ ሲበዛ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ውሉ 28 ብሎ 32 ተመትቶ ከሆነ ጣሪያው «ተሠርቷል» አይባልም። አሸንዳው፣ የአናቱ መጋጠሚያና ግድግዳ ከቆርቆሮ የሚገናኝበት ጥግ ለየብቻ ይጻፉ። ውኃ የሚገባው ከነዚህ ነው።

ፌሮ12

ለመሐንዲሱ አንድ ልጨምር፤ ሳይት ላይ የቀረው ዕቃም ይቆጠር። ፌሮን በዘንግ ሳይሆን በኪሎ መዝግቡ፤ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝታችሁ ለ162 ብታካፍሉት የአንድ ሜትር ክብደት ይወጣል። ባለ 12 ፌሮ በሜትር 0.89 ኪሎ ገደማ ነው፤ 12 ሜትሩ ሙሉ ዘንግ 10.7 ኪሎ አካባቢ። ሲሚንቶ በከረጢት 50 ኪሎ ነው፤ የጠነከረውን ከደህናው ለዩት። አሸዋ ክምር በሳጥን ልኬት።

መሣሪያዎቹን ግን (መወጣጫ እንጨት፣ ቪብሬተር፣ የእጅ ጋሪ) በር ቆልፎ መያዝ አይገባም። ገንዘብህን ስትጠይቅ እሱ «ንብረቴን ያዘብኝ» ብሎ በተቃራኒው ይከሳል። በዝርዝር ጻፉ፣ ሊወስድ ሲመጣ አስፈርማችሁ ስጡት።

የችሎት ደጅ

ልኬቱ ልክ ነው፤ ከሱ ጎን ለጎን ግን ማስጠንቀቂያ ዛሬውኑ ይጻፍ። ብዙ ሰው በስልክ ሲጨቃጨቅ ይከርምና ችሎት ሲቀርብ «መቼ አስጠነቀቅህ?» ሲባል የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1773 ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ወይም ባለገንዘቡ (እዚህ ላይ የቤቱ ባለቤት) ውሉ እንዲፈጸምለት መፈለጉን በሚያሳይ ሌላ አድራጎት ይሰጣል ይላል። ቁጥር 1774 ደግሞ በማስጠንቀቂያው ውስጥ ቁርጥ ያለ ጊዜ መወሰን ይፈቅዳል፤ ያ ጊዜ ሲያልፍ አፈጻጸሙን አልቀበልም ማለት ይቻላል። ጊዜው ግን እንደ ሥራው ዓይነት ተገቢ መሆን አለበት። ለግማሽ ጣሪያና ለልስን «በ24 ሰዓት» ብትሉ ዳኛው ይስቃል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያስኬዳል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ውሉን በራስ ማፍረስ በቁጥር 1787 አለ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የውሉ ቀንና ዋጋ፣ የተከፈለው መጠን፣ ማስረከቢያው ያለፈበት ቀን፣ ያልተሠሩት ሥራዎች በዝርዝር፣ የልኬቱ ቀንና ሰዓት፣ ሥራው እንዲያልቅ የተሰጠው ቀን። ከዚያም «በዚህ ቀን ካልተፈጸመ ውሉን አፍርሼ ቀሪውን በሌላ አሠርቼ ልዩነቱን ከእርስዎ እጠይቃለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። ስድብ፣ «ሌባ»፣ «አታላይ» አይግባበት፤ መልሶ በእናንተ ላይ ይውላል። በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኩ፣ ደረሰኙን ያዙ። ስልኩ ላይም ፎቶውን በቴሌግራም ላኩለት። ውሉ ላይ አድራሻው ካለ ወደዚያ፣ ከሌለ ፈቃዱ ላይ ወዳለው።

የደረሰበት ቀን ሌላም ጥቅም አለው። የሚመለሰው ገንዘብ ላይ በሕግ የሚታሰበው ወለድ 9 በመቶ ነው (ቁጥር 1751)፤ የሚቆጠረውም ማስጠንቀቂያ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው።

«ሲሚንቶ ጨምሯል» ለሚለው፦ ቁጥር 1764 ሁኔታ ተለውጦ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ከሌለ ይህ መልስ አያስኬደውም። ብትጨምሩለት ግን የጨመራችሁት በስልክ ብቻ አይሁን፤ በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክር፣ ከአዲስ ማስረከቢያ ቀን ጋር።

ማኅደር ቁጥር

ስለ ፈቃዱ። እዚህ መድረክ ላይ ሁለት ነገር ሁልጊዜ ይደባለቃል፤ ለዩት።

የንግድ ፈቃድ አንድ ነው፣ የብቃት ማረጋገጫ ሌላ ነው። የንግድ ፈቃድ የሚያሳየው ግለሰቡ በንግድ መዝገብ ገብቶ ግብር እንደሚከፍል ነው። የሥራ ተቋራጭነት ደረጃው፣ የመሐንዲሱና የመሣሪያው ምዘና ያለው በብቃት ማረጋገጫው ነው። ስለ ጥሎ መሄድና ስለ ጥራት የሚቀርብ አቤቱታ ወደ ሁለተኛው ሰጪ ይሄዳል። ማረጋገጫው ላይ የሰጠው መሥሪያ ቤት ማኅተም አለ፤ የፌዴራል ከሆነ አዲስ አበባ፣ የክልል ከሆነ ባሕር ዳር። ንግድ ቢሮ ስትሄዱ «የእኛ አይደለም» ተብላችሁ ብትመለሱ አትናደዱ፤ እውነታቸውን ነው። የንግድ ፈቃዱን ግን ሌላ ነገር ለማየት ፈልጉት፤ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ በቲን ቁጥሩ መመልከት ይቻላል። እድሳቱ ያለ ቅጣት የሚደረገው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ውሉ በተፈረመበት ቀን ያልታደሰ ፈቃድ ከነበረ ያ ራሱን የቻለ ነጥብ ነው።

አቤቱታውን የሚያከሽፈው ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው፦ ፈቃድ ማከራየት። ፈቃዱ ያለው ሰውዬ ሌላ፣ ሳይት ላይ የመጣው ፎርማን ሌላ። ውሉን የፈረመው ፎርማኑ በራሱ ስም ከሆነ፣ የድርጅቱ ማኅተም ከሌለበትና ውክልና ካላያያዘ፣ ባለ ፈቃዱ «አላውቀውም» ይላል፤ ቢሮውም የሚያግደው ነገር ያጣል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር አመሳክሩ፦ በውሉ ላይ ያለውን ስም፣ በፈቃዱ ላይ ያለውን ስም፣ ገንዘቡ የገባበትን የባንክ ሒሳብ ስም። ሦስቱ ከገጠሙ ጉዳዩ ጠንካራ ነው። ሁለቱ ብቻ ከገጠሙ የባንክ ደረሰኙ ብዙ ጊዜ ያድናል፤ ድርጅቱ ገንዘቡን ከተቀበለ «አላውቀውም» ማለት ይከብደዋል። በእጅ የተከፈለ ከሆነ ደግሞ ደረሰኝ ተቆርጧል ወይ?

አቤቱታው ላይ ውሉ፣ የክፍያ ማስረጃዎቹ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውና የአደራ ደረሰኙ፣ የልኬቱ ቃለ ጉባኤ፣ የፈቃዱ ቅጂ ይያያዙ። ከዚህ ውስጥ ማስጠንቀቂያውና ልኬቱ ከጎደሉ ቢሮው ሁለታችሁንም ጠርቶ «ተስማሙ» ብሎ ይልካችኋል። ሙሉ ከሆነ ኮንትራክተሩ መልስ እንዲሰጥ ይጠራል፣ ባለሙያ ሳይቱን ሊያይ ይችላል፣ እርምጃውም ከማስጠንቀቂያ እስከ እገዳና ስረዛ ይሄዳል።

ግን ገንዘባችሁን አይመልስላችሁም። ያ የፍርድ ቤት ነው። ቢሮው የሚጠቅመው ኮንትራክተሩ የሚፈራውን እርምጃ መውሰድ ስለሚችል ነው፤ ጨረታ ላይ የሚሳተፍ ኮንትራክተር እገዳ ሲያይ እጁን በፍጥነት ወደ ኪሱ ይሰዳል። ጨረታ የማይገባ፣ ፈቃዱን ለወረቀት ብቻ የያዘ ከሆነ ብዙም አይደነግጥም።

ዳሞት

ልጆቼ፣ ሁሉንም ወደ ቢሮና ችሎት አትግፉት። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባላል። ሰውየው የዚያው አካባቢ ሰው ከሆነ ሽማግሌ ልኩበት። ቤተሰቡም ይሰማል፣ እሱም ያፍራል። አንድ ቀን በሽማግሌ የሚያልቀውን ዓመት በቀጠሮ አትጎትቱት።

የችሎት ደጅ

ጋሽ ዳሞት፣ ሽምግልናውን አልቃወምም፤ ግን እንዲህ ይሁን። ማስጠንቀቂያው ከተላከ በኋላ ይቀመጥ እንጂ በፊት አይሁን። ሽማግሌ ፊት የተስማማችሁበት ይጻፍ፦ የቱ ሥራ፣ እስከ የትኛው ቀን፣ ስንት ብር፣ ካልፈጸመስ ምን። ሁለቱም ይፈርሙ፣ ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ይፈርሙ። በቃል የተደረገ እርቅ ላይ ኮንትራክተሩ «ምሕረት አድርገውልኛል» ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ የበፊቱ መዘግየትና ቅጣቱ አብሮ ይጠፋል። ሽማግሌ የሰጠው ቀን ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ቀን እየለመናችሁ አትቀጥሉ።

ሌላ አንድ ነገር፦ ውሉን እንደገና አንብቡ። «አለመግባባት በግልግል ዳኝነት ይታያል» የሚል አንቀጽ ካለበት ፍርድ ቤት በቀጥታ ብትከሱ ተቃውሞ ይነሣባችኋል። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ለዚህ ነው የወጣው። ከሌላ ሰው የተቀዳ ውል ውስጥ ይህ አንቀጽ ባለቤቱ ሳያስተውለው ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ፖሊስ ጋ መሮጥም አለ፤ «አታለለኝ» ብሎ። ሥራ አለመጨረስ ብቻውን ወንጀል አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ማታለል ለማለት ከመነሻው በሐሰት አሳስቶ ገንዘብ መውሰዱ መረጋገጥ አለበት። የጣሪያውን ብዙ ክፍል የሠራ ሰው ላይ ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። በሒሳቡ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ ሰጥቶ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አንቀጽ 693።

ዘንገና

ስሞቹ ገጥመዋል፤ ውሉ በድርጅቱ ማኅተም ነው፣ ክፍያውም በድርጅቱ ሒሳብ። የሥራ ዝርዝሩ ከዋጋው ጋር ተያይዟል። የግልግል አንቀጽ የለም። የሚጠየቀው ገንዘብ እንዴት ነው የሚሰላው? አንዱ «የተከፈለውን በሙሉ አስመልሱ» ይላል፣ ሌላው «ያልተሠራውን ዋጋ» ይላል።

ቋሚና ማገር

ሁለቱም ተሳስተዋል። ዝርዝሩ ካለ በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ልኬት ተኩ።

ውሉ፦ ጣሪያ 420,000፤ የብሎኬት ግድግዳ 160,000፤ ልስን 210 ካሬ በ800 ብር፣ 168,000፤ ሴራሚክ 90 ካሬ በ2,400፣ 216,000፤ መብራት 116,000፤ በርና መስኮት 120,000። ድምር 1,200,000።

የተሠራ፦ ጣሪያ 75 በመቶ፣ 315,000። ብሎኬት ሙሉ፣ 160,000። ልስን 120 ካሬ፣ ግን ሻካራው ብቻ ነው፤ ማጠናቀቂያው ስለሌለ 70 በመቶውን ያዙለት፣ 67,200። መብራት ቱቦው ብቻ ተቀብሯል፣ 30 በመቶ፣ 34,800። ሌላው ዜሮ። ድምር 577,000።

የተከፈለው 840,000 ነው። ስለዚህ ከሠራው በላይ የወሰደው 263,000 ብር። በውሉ ዋጋ የቀረው ሥራ 623,000፤ እናንተ እጅ የቀረው ያልተከፈለ ገንዘብ 360,000።

አሁን ሁለተኛው ኮንትራክተር ቀሪውን በ780,000 እጨርሳለሁ ቢል፣ ጉዳታችሁ 780,000 ሲቀነስ 360,000 ነው፤ 420,000። ልብ በሉ፦ 263,000ው በዚህ ውስጥ አለ። 420,000 ማለት በትርፍ የወሰደው 263,000 እና የዋጋ ልዩነቱ 157,000 ነው። 420,000ው ላይ 263,000ውን እንደገና ደምሮ 683,000 የሚጠይቅ ክስ ሲቀርብ የተከሳሽ ጠበቃ መጀመሪያ የሚመታው ይህንን ነው፤ ዳኛውም ከዚያ በኋላ ሌላውን ቁጥር ሁሉ ይጠራጠራል።

የለቀቀውን ልስን ማፍረስና ማስወገድ ካለ ለብቻው ይጨመር፤ ያም ካሬ ከ120ው ይቀነስ፣ አለበለዚያ ለተበላሸ ሥራ እየከፈላችሁ ነው።

የችሎት ደጅ

የመዘግየት ቅጣቱ 0.1 በመቶ በቀን 1,200 ብር ነው፤ እስከ ግንቦት 25 ድረስ 55 ቀን ብንል 66,000። ለመዘግየት ተብሎ የተጻፈ ቅጣት ከዋናው ግዴታ ጋር አብሮ ይጠየቃል። ውሉን ካፈረሳችሁበት ቀን በኋላ ግን አይቆጠርም።

ለ780,000ው ደግሞ አንድ ዋጋ ማቅረቢያ አይበቃም። ከሦስት ባለፈቃዶች በዚያው የሥራ ዝርዝር ላይ የተሞላ ዋጋ ያዙ። ከተቻለ ቀሪውን በሌላ ለማሠራት ፍርድ ቤት እንዲፈቅድ መጠየቅ አለ፤ ቁጥር 1777 በባለዕዳው ወጪ ማሠራትን ይመለከታል። ክረምት ስለሚገባ ሊዘገይ የማይችለውን ሥራ ግን ቀድማችሁ ብታሠሩ ከልኬቱ በኋላ እስከሆነ ድረስ ማስረዳት ይቻላል።

የኮንትራክተሩ ንብረት ጉዳይም አለ። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ የምትከሱት ማኅበሩን ነው፤ የባለቤቱ መኖሪያ ቤት ላይ መድረስ በመደበኛው አይቻልም። የግል ነጋዴ ከሆነ ግን ንብረቱ ሁሉ ለዕዳው ይጠየቃል። ማሽን ሊሸጥ ነው የሚል ጭምጭምታ ካለ ከፍርድ በፊት እንዲያዝ ማመልከት ነው።

ፌሮ12

የክረምቱ ጥያቄ አልተመለሰም። ክፍት በቀረው በኩል ወፍራም የፕላስቲክ ሸራ ይዘርጋ፤ ጫፉ ከቆርቆሮው ሥር ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይግባ፣ ከላይ ብቻ ከተጣለ የጮቄ ነፋስ በአንድ ሌሊት ይገለብጠዋል። በሞራሌ ተጭኖ ይመታ። የጭቃ ግድግዳው እግር ዙሪያ ውኃ እንዳይቆም ትንሽ ቦይ ይቆፈር፤ ጭቃ ግድግዳ ከላይ ከሚወርደው ይልቅ ከሥር በሚጠባው ነው የሚሰነጠቀው፣ በተለይ መረሬ አፈር ላይ። የተቀበረው የመብራት ቱቦ አፉ በጨርቅ ይደፈን፣ ሽቦ ያልገባበት ቱቦ ውኃ ከሞላ ኋላ ማድረቅ አይቻልም። ሲሚንቶው ከወለል ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይደርደር፣ ግድግዳ አይንካ።

ለሸራውና ለሠራተኛው የወጣው ደረሰኝ ይያዝ፤ ጉዳት መቀነሻ ወጪ ነው፣ ይጠየቃል። ያላደረጋችሁ እንደሆነ ደግሞ በክረምቱ የፈረሰውን «እናንተ ዝም ብላችሁ ነው» ይላችኋል።

ማኅደር ቁጥር

አንድ የረሳሁት፦ የእድሳት ፈቃድ ከከተማው ወስዳችሁ ነበር? ጣሪያና ግድግዳ የሚቀይር እድሳት ቀለም መቀባት አይደለም። አቤቱታው ሲገባ ኮንትራክተሩ በመልሱ «ያለ ፈቃድ አሠሩኝ» ካለ ጉዳዩ ወደ እናንተ ይዞራል። ከሌላችሁ ከአቤቱታው በፊት ማስተካከያውን ጠይቁ።

ዘንገና

ፈቃዱ አለ፤ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ከውሉ ይቀድማል። ኮንትራክተሩ ትናንት ደውሎ «የጣሪያውን ርክክብ ፈርሙልኝ፣ ሰኞ ሠራተኛ አስገባለሁ» ብሏል።

ቋሚና ማገር

አትፈርሙ። ግማሽ ጣሪያ ርክክብ የለውም፤ ከፈረማችሁ አሸንዳ የሌለው ጣሪያ «በጥሩ ሁኔታ ተረክበናል» ሆኖ ፋይል ውስጥ ይገባል። ሠራተኛ ካስገባ ያስገባ፤ ሰኞ ጠዋት ግን ከሠራተኞቹ በፊት ልኬቱ ይደረግ፣ ማስጠንቀቂያውም ይላክለት።